የጓድ ያርጋል ግራ ዓይን

ገበያነሽ የጓድ ያርጋልን ግማሽ ፊት አጠቆረችው። በውሃ ቀለም ነው። አስባበት ነው ያደረገችው፤ እንዲያውም የሥዕሉ ጥሩ ነገር እሱ ነበር።

ጓድ ያርጋል የአውራጃው ካድሬ ነው። ገበያነሽ ደግሞ ደባርቅ ላይ እጅ ሥራ የምታስተምር መምህርት ናት። ነሐሴ ሰባ ስድስት ላይ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ሥዕል ታዘዘች። የትልልቆቹ ሥዕል ታትሞ ከላይ ይመጣል። የጓድ ያርጋልን ሥዕል የሚያትም ማተሚያ ቤት ግን እስካሁን አልተገኘም፤ ስለዚህ በእጅ መሣል ነበረበት።

ደባርቅ ውስጥ ያለው የዘይት ቀለም በር የሚቀባበት አረንጓዴ ብቻ ነው። ሰው በአረንጓዴ አይሣልም። የውሃ ቀለም ያላት ደግሞ ገበያነሽ ብቻ ናት።

ከትእዛዙ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት አብሮ ነበር። በየዓመቱ አንድ መምህር ወደ አምባራስ ይላካል፤ ዘንድሮ የእሷ ስም ወጥቷል። አምባራስ ክፉ አገር አይደለም። ብርድ አለ፣ ገብስ አለ፣ ሰው አለ። ችግሩ መንገዱ ነው። ሁለት ቀን በእግር ነው፣ ገደል ገደሉን። የገበያነሽን እናት የእማማ ይርጋለምን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ከጓዳ እስከ ደጃፍ ግድግዳ እየዳበሱ የሚሄዱ ሴትዮ በበቅሎም ቢሆን ያን ገደል አያልፉም። ትታቸው እንዳትሄድ ደግሞ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ይሄን ለጓድ ያርጋል ነገረችው።

«ሥዕሉ ካማረ እናየዋለን» አላት።

ደባርቅ ላይ «እናየዋለን» ማለት ብዙ ነው። ሌላው ሰው የሚባለው «ሂጂ» ነው።

ቀለሙን የተወላት ድረስ ነው። ድረስ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ የሥዕል አስተማሪ ነበር፤ ሁለት ዓመት አስተማረና ተዛወረ። ሲሄድ አሥራ ሁለት ቀለም ያለባት የቆርቆሮ ሳጥንና አንድ ወፍራም ወረቀት ሰጣት። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ መሐሉ ጎድጉዷል። ነጩ አዲስ ነው።

«ነጩን ለምን አትነካውም ነበር?» አለችው።

«ነጩ ወረቀቱ ነው። በውሃ ቀለም ብርሃን አይቀባም፣ ይተዋል። የት የት ላይ እንደምትተዪ ሳታውቂ ብሩሽ ካነሳሽ አለቀልሽ። ማጥቆር ሁልጊዜ ይቻላል። ማንጣት ግን አይቻልም።»

ሌላም ነገር አስተምሯታል። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ወደ ጎንደር ሲወርዱ አውቶቡሱ ኮሶዬ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሰው ሁሉ ወርዶ ሾፌሩን ያማል። ድረስ ለብቻው ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ምን ሆንህ? አቧራ ገባብህ?»

«አንቺም ጨፈን አድርጊ። ድርግም አይደለም። እንቅልፍ ሊወስድሽ ሲል እንደምታደርጊው።»

አደረገች።

«ቀለሙ ጠፋ?»

ጠፋ። አረንጓዴው ገብስ፣ ቀዩ አፈር፣ ሰማያዊው ተራራ የለም። ጠቆር ያለ አለ፣ ፈካ ያለ አለ፣ በቃ። ቅርቡ ይጠቁራል፤ ሩቁ እየፈካ እየፈካ ሄዶ ሰማይ ይሆናል።

«ሥዕሉ እሱ ነው» አለ ድረስ። «ቀለም ጌጥ ነው። አንቺ መጀመሪያ ከሁሉ የጠቆረው የቱ ነው፣ ከሁሉ የፈካውስ የቱ ነው በይ። ደግሞ ጥቁር ብቻውን ጥቁር አይሆንም። ከጎኑ ያለው ነው የሚያ...»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ጎማው ተሠርቷል። ያቺን የመጨረሻዋን ነገር ገበያነሽ በደንብ አልሰማቻትም፤ ወንበሯ እንዳይያዝባት ሮጠች።

ጓድ ያርጋል ሦስት ጊዜ ተቀመጠላት፤ ቢሮው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ዳር። መስኮቱ በስተቀኙ ነው። ከመስኮቱ ባሻገር ከዛሪማ ሽቅብ የሚመጣው መንገድ ይታያል። ያን ክረምት ቆላው እህል አጥቶ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣ ነበር። እነሱ ሥዕሉ ውስጥ እንዲገቡ ያዘዘ የለም።

«አንገቴን እንዲህ ቀና ላድርገው?» አለ ጓድ ያርጋል።

«እንደ ሰው ይቀመጡ።»

«ቆራጥነት እንዲታይበት ብዬ ነው።»

«ቆራጥነቱን እኔ እጨምርልዎታለሁ። እርስዎ አይንቀሳቀሱ።»

ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጓድ ያርጋል የዳባት ልጅ ነው። ድቁና ተቀብሎ እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ቀድሷል። ይሄን አውራጃው በሙሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳበትም፤ እሱም አያነሳም። ሲደነግጥ ብቻ አፉ ያመልጠዋል።

በክረምት የደባርቅ ወረቀት አይደርቅም። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ይቀመጣል። ገበያነሽ የከሰል ምድጃ ይዛ ትመጣለች፤ አንድ እጅ ቀለም በቀባች ቁጥር ወረቀቱን ከምድጃው በላይ ይዛ ታገላብጣለች።

«ሥዕል ነው ወይስ ቋንጣ?» ይላል ጓድ ያርጋል።

«ቋንጣ ይሻላል። ራሱ ይደርቃል።»

ብርሃኑ ከመስኮቱ ነው የሚመጣው፣ ከቀኝ። ቀኝ ጉንጩ ላይ፣ ግንባሩ ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወረቀቱን እንዳለ ተወችው። ግራውን አንድ ጊዜ ቀባች፣ አደረቀች፤ ሁለተኛ ቀባች፣ አደረቀች፤ ሦስተኛ ደረበች። ፊቱ ከወረቀቱ ላይ ተነሳ። አፍንጫው አፍንጫ ሆነ። ግራ ዓይኑ ጥላው ውስጥ ገባ፤ አልጠፋም፣ ልብ ብሎ ላየው ሰው አለ። ገበያነሽ ዕድሜዋን እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም።

ከኋላው ያለውን ገና አልነካችውም። ጀርባው ነጭ እንደሆነ ሥዕሉን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ጃንጥላ ይዛ ቤቷ ወሰደችው። የልብስ ሳጥኑ ላይ አስደገፈችው። እናቷ ግድግዳውን እየዳበሱ ከጓዳ ወጡ፤ ቆም አሉ።

«ደህና ዋሉ» አሉት ሥዕሉን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ምነው ገበያነሽ፣ እንግዳ አስቀምጠሽ ዝም ትያለሽ? ጠላ እንኳ አትቀጂለትም?»

«ሥዕል ነው እማዬ።»

«ሥዕልስ ቢሆን። መስኮት ዳር አስቀምጠሽው ይበርደዋል።»

እማማ ይርጋለም ቀለም ካዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ገበያነሽ ሥዕሉ እንደሆነላት ያወቀችው ያኔ ነው። ያን ዕለት ስለ አምባራስ አላሰበችም።

በማግሥቱ ጓድ ዝናቡ መጣ። ጓድ ዝናቡ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው። ድሮ ብራና ላይ ዳዊት ይጽፍ ነበር፤ ጽሕፈቱ ስለሚያምር አብዮቱ አልጣለውም።

«ከኋላው የምትወጣ ፀሐይ ትኑር ተብሏል» አላት።

«ማን ነው ያለው?»

«ተብሏላ።»

«አያ ዝናቡ፣ ብርሃኑ ከመስኮቱ ነው የመጣው። ፀሐይ ከኋላው ከወጣች ደግሞ...»

«ገበያነሽ፣ ፀሐይዋ ብሩህ ተስፋ ናት። ከመስኮት ጋር አትከራከርም።»

ቢጫውን በብዙ ውሃ አላላችው። ከትከሻው ጀምራ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ለቀቀችው፤ መሐሉ ላይ ፀሐይዋን ነጭ አድርጋ ተወቻት። ዳር ዳሩ ላይ ጥቂት ቀይ ጣል አደረገች። ፀሐይዋ አማረች። ገበያነሽ ቸኩላ ነበር፤ የክረምት መሠረተ ትምህርት ክፍል ነበራት፣ ውሃ መቅዳትም ነበረባት። ሥዕሉን አራቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አላየችውም። ስሕተቷ ይቺ ናት፤ ሌላ ስሕተት የለባትም።

ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ወስዳ ወንበር ላይ አቆመችው። ጓድ ያርጋልና ጓድ ዝናቡ ከፊቱ ቆሙ።

«ይመስላል» አለ ዝናቡ።

«ጆሮው ይመስላል» አለ ጓድ ያርጋል።

ጓድ ያርጋል ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለ።

«ግራ ዓይኔ የታለ?»

«አለ። ጥላው ውስጥ ነው።»

«ምን ሊያደርግ ገባ?»

«ብርሃኑ ከቀኝ ስለሚመጣ ነው።»

«ፀሐይዋ ከኋላ ናት።»

«እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው።»

ይሄኔ እትዬ አገርነሽ መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። እትዬ አገርነሽ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሥዕሉን አየች፤ መጥረጊያውን ወደ ግራ እጇ አዛውራ አማተበች።

«ምነው፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጣችሁት? ከኃጥአኑ ወገን ነው ይሄ።»

በመጥረጊያው እጀታ ወደ ሥዕሉ ጠቆመች።

«አንድ ዓይን ነዋ። እኛ ደብር በስተምዕራብ ግድግዳው ላይ ሞልተዋል፤ ዘለዓለም እሳቱ ዳር ናቸው። ይኸው እሳቱም ከኋላው አለ።» ጠጋ ብላ አየችው። «ማንን ነው? ይሁዳን ነው?»

ጓድ ያርጋል መስኮቱን አየ። ዝናቡ ብዕሩን አየ። እትዬ አገርነሽ የወንበሩን ሥር ጠረገችና ወጣች።

በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚሣለው። ሰይጣንና ኃጥእ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ነው የሚሰጠው። ጥላ የሚባል ነገር የለም። ፊት ከጠቆረ የጠቆረው ጉዳይ ስላለበት ነው። ገበያነሽም እዚያው ግድግዳ ሥር ነው ያደገችው። ድረስ መስኮቱን ሲያስተምራት ግድግዳውን ረሳችው።

ጓድ ዝናቡ ቃለ ጉባኤውን ዘረጋ።

«ምን ብዬ ልያዝ?»

«ሥዕሉ ይታረም በል።»

«ምክንያት?»

ጓድ ያርጋል ግራ ዓይኑን አሸት አደረገ።

«ቅጹ ላይ ምክንያት የሚል አለው» አለ ዝናቡ።

ኃጥእ ስለሚመስል ይባል እንዳይባል፣ ባለፈው ሐሙስ በዚሁ ክፍል ውስጥ ሲኦል የሚባል ነገር እንደሌለ ጓድ ያርጋል ራሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረድቷል። ቃለ ጉባኤውን የያዘውም ዝናቡ ነው። በሚያምር ጽሕፈት።

«የሰፊው ሕዝብ አስተያየት በል።»

«ሰፊው ሕዝብ ማን ነው?»

«አገርነሽ ናታ። ሌላ ማን ገባ?»

ዝናቡ ጻፈ። ጓድ ያርጋል ወደ ገበያነሽ ዞረ።

«ዓይኑን አብሪው።»

«አይበራም። የውሃ ቀለም ከጠቆረ ወደ ኋላ አይመለስም።»

«ነጭ ቀለም የለሽም?»

«አለኝ። ጥቁር ላይ ነጭ ሲቀባ ሞራ ነው የሚሆነው። እናቴ ዓይን ላይ በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ሌላ ወረቀት ላይ ሣዪዋ።»

«ወረቀቱ አንድ ነው የነበረው። ሌላው ደብተር ነው፤ መስመር አለበት።»

«እንግዲህ እስከ ማክሰኞ» አለ ጓድ ያርጋል። «የአምባራሱ ደብዳቤ ማክሰኞ ነው የሚወጣው።»

ሲናገር አልተቆጣም። ዝናብ እንደሚመጣ እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው።

ገበያነሽ ቤቷ ገብታ ጥላውን በእርጥብ ጨርቅ ዳበሰችው። ጥቂት ቀለም ተነሳ፤ ቀጥሎ ወረቀቱ ፀጉር አወጣ። ተወችው። ነጩን ቀለም ከፈተችው። ደብተር ላይ ጥቁር ቀብታ አደረቀችና በላዩ ነጭ ጣል አደረገችበት። ሞራ ሆነ። ከደነችው። እሑድ ሙሉ ቀን ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አዙራ አቆመችው፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግማ ገለበጠችው፤ አልተለወጠም።

እናቷ ግድግዳውን ይዘው መጡ።

«ማነው እሱ?»

«ያው ሰውዬ ነው እማዬ። ጠላ ቅጂለት ያልሽኝ።»

«አይደለም። ያኛው ፊት ነበረው። ይሄ በር ላይ ተገትሮ ብርሃን የሚከልል ሰው ነው። ከኋላው በሩን ዝጊውና ማን እንደሆነ እንየው።»

«በር አይደለም፤ ፀሐይ ናት።»

«የፈለገችውን ትሁን። ዝጊያት።»

ገበያነሽ ከልብስ ሳጥኑ ውስጥ አባቷ የሞቱ ጊዜ ያሰረችውን ጥቁር ሻሽ አወጣች። አጠፈችው፤ በትከሻውና በራሱ ዙሪያ አዞረችና ፀሐይዋ ላይ ደፋችው። ወደ በሩ አፈግፍጋ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

ግራ ዓይኑ ወጣ።

ቀለሙ ያው ነው፤ ማንም አልነካውም። ጉንጩም ተከትሎ ወጣ። ሦስት እጅ የቀባችው ጥቁር፣ ከሻሹ ጎን ሲቆም፣ የማለዳ ጥላ ሆነ። ድረስ ኮሶዬ ላይ የጀመራት ነገር፣ ጥሩንባው የበላባት፣ ይቺ ነበረች። አውቶቡሱ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ሁለት ቀን ባልተቃጠለች ነበር።

«አሁንስ እማዬ?»

«አሁንማ ያው ሰውዬ ነው» አሉ እማማ ይርጋለም። «ጠላው የታለ?»

ማክሰኞ ጠዋት ሥዕሉን፣ ሳጥኗን፣ ምድጃውን፣ የውሃ ጣሳና ሻሹን ይዛ ቢሮ ሄደች። ጓድ ዝናቡ ምድጃውን አይቶ «ልትከርሚ ነው?» አላት። ሥዕሉን ወንበር ላይ አቆመችው። ሻሹን በጀርባው በኩል አዙራ ፀሐይዋን ሸፈነቻት።

«ከበሩ ጋ ቁሙ። አሁን ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉ።»

«ለምን?» አለ ጓድ ያርጋል።

«ሥዕል የሚታየው እንደሱ ነው።»

ሁለቱ ጓዶች ጎን ለጎን ቆመው ዓይናቸውን አጨናበሱ። እትዬ አገርነሽም ሳትጠራ ከኋላቸው ከኮሪደሩ አጨናበሰች።

«በስመ አ...» አለ ጓድ ያርጋል። ሳለ። ሳሉን አስረዘመው።

«ወጣ» አለ ዝናቡ።

«ሁለት ሆነ» አለች እትዬ አገርነሽ። «ከጻድቃኑ ነው ባልልም ከእሳቱ ወጥቷል። እኔ ምለው፣ ጓድ ያርጋልን ይመስላል ልበል?»

«ምን አደረግሽው?» አለ ጓድ ያርጋል።

«ምንም። ዓይኑ እዚያው ነበር። ከኋላው ያለው በጣም ስለበራ ነው የጠቆረው። ፊትዎ እንዲበራ ከኋላዎ ያለው መጨለም አለበት።»

«እና በሻሹ እንስቀለው?»

«ሻሹ የኔ ነው። ፀሐይዋን ማጥቆር ነው የሚሻለው።»

ጓድ ዝናቡ የቃለ ጉባኤውን ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ።

«ብሩህ ተስፋ ናት ብለናል» አለ ጓድ ዝናቡ ቀስ ብሎ። «በቃለ ጉባኤ ተይዟል።»

«አውቃለሁ» አለ ጓድ ያርጋል።

«በአሥረኛው ዓመት ፀሐይዋ ጠቆረች ቢባል...»

«ማን ይላል?»

«የሚል አይጠፋም።»

ጓድ ያርጋል ወደ ገበያነሽ ዞረ። «ትንሽ ብቻ ብታደበዝዢያትስ?»

«ዓይኑም ትንሽ ብቻ ይወጣል።»

«እኩሌታስ?»

«እኩሌታ።»

«እስቲ አንሺው።»

ሻሹን አነሳችው። ዓይኑ ጠፋ።

«መልሺው።»

መለሰችው። ወጣ።

«አንሺው።»

የበግ ገበያ ይመስል አምስት ጊዜ አስነሳት፣ አምስት ጊዜ አስመለሳት። በአምስተኛው ላይ እጇን አንስታ ትጠብቅ ጀመር። ጓድ ያርጋል የሚያስበው ስለ ፀሐይዋ አልነበረም። መስከረም ሁለት ለበዓሉ ዳባት ነቅሎ ይመጣል። እናቱም ይመጣሉ። ካድሬ መሆኑን ይቅር ብለውታል፤ ልጅ ነው፣ መብላት አለበት ብለው። ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ሆኖ፣ እሳት ከኋላው እየነደደ ካዩት ግን የሚሉትን እሱ ያውቀዋል። ምን እንደሚሉ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«አጥቁሪያት» አለ።

«ምን ብዬ ልያዝ?» አለ ዝናቡ።

«የጀርባው ሁኔታ ይስተካከል በል።»

«ምክንያት?»

«ለጥራት።»

ዝናቡ ጻፈ። ገበያነሽ ምድጃውን አስጠጋች፤ ጣሳውን አስቀመጠች፤ ሳጥኗን ከፈተች። ብሩሹን ግን አላነሳችም።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ጓድ ያርጋል።

«አንዴ ከጠቆረች አትመለስም። ስለዚህ ደብዳቤው ይቅደም።»

«የቱ ደብዳቤ?»

«የአምባራሱ።»

«ሥዕሉ ካማረ እናየዋለን ነው ያልሁሽ።»

«አይተውታል። አምስት ጊዜ።»

እትዬ አገርነሽ ከኮሪደሩ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ጓድ ያርጋል ሰማ፤ እንዳልሰማ ሆነ። ሻሹን አየ፤ ዓይኑን አየ። መሳቢያውን ስቦ ደብዳቤውን አወጣ።

«በአንቺ ምትክ ማን ይሂድ?»

«እሱን ሥዕል ሲያስተምሩኝ አልነገሩኝም።»

«ቅጹም ላይ ምትክ የሚል የለውም» አለ ዝናቡ። «ምክንያት የሚል ነው ያለው።»

«የቤተሰብ ችግር በል።»

ጓድ ዝናቡ በዚያ በዳዊት ጽሕፈቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፤ መምህርት ገበያነሽ በያዘችው ቦታ እንድትቀጥል። ጓድ ያርጋል ፈረመ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ አለበትና መታው።

ገበያነሽ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀለሙ እስኪደርቅ ምድጃው ላይ ያዘችው፤ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሻሹን ከሥዕሉ ላይ አንስታ ራሷ ላይ አሰረች። ትልቁን ብሩሽ ጣሳው ውስጥ ነከረችና ከፀሐይዋ ጀመረች።